የዘውድ መውደቅና የፓርቲዎች ፈተና፦ የኔፓል ሕዝብ ትግል ያስተማረው

በሰው ልጅ የኅብረተሰብ ታሪክ በተደጋጋሚ እንደታየው የዘውድ አገዛዝ የሚወድቅበት ቀን በአንድ ሌሊት ሊመጣ ይችላል። ቤተ መንግሥቱ ይከበባል፣ አዋጅ ይነበባል፣ የንጉሡ ሰንደቅ ዓላማ ይወርዳል። ሕዝብ የራሱ አስተዳዳሪ የሚሆንበት ሥርዓት ግን በአንድ ሌሊት አይቆምም። በሁለቱ መካከል ያለውን ረዥምና አባጣ ጎርባጣ መንገድ ሕዝቡን ይዘው እንዲሻገሩ አደራ የሚጣልባቸው የፖለቲካ ፓርቲዎች ናቸው። ፓርቲዎቹ ከሕዝቡ ጋር ሲቆሙ መንገዱ ያጥራል፤ ከሕዝቡ ሲርቁ ደግሞ የወደቀው ዘውድ እንኳ መልሶ ለመነሣት ድፍረት ያገኛል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመረምረው ጉዳይ ይኸው ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው አገር ኔፓል ነው። ኔፓል በቻይናና በሕንድ መካከል፣ በሂማላያ ተራሮች ሥር የምትገኝ፣ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ብዙዎቹ አንባብያን የኔፓልን ሠራተኛ የሚያውቁት በዐረብ አገሮች የግንባታ ሥፍራና በየቤቱ ከእኛ እህቶችና ወንድሞች ጎን ሲሠራ ይሆናል። ይህን አገር የመረጥንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። የኔፓል ሕዝብ በ1951፣ በ1990 እና በ2006 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሦስት ጊዜ በፍጹም አገዛዝ ላይ ተነሥቶ ሦስቱንም ጊዜ ድል አድርጓል። በ2025 ለአራተኛ ጊዜ ሲነሣ ግን የተነሣው በንጉሥ ላይ ሳይሆን ንጉሡን አብረውት ባወረዱት ፓርቲዎች ላይ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ከ1846 ጀምሮ ለ104 ዓመታት ኔፓልን የገዛው የራና መሳፍንት ቤተሰብ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ሥልጣን በራናዎች እጅ በዘር ይተላለፍ ስለነበረ የሻህ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት በዙፋን ላይ ቢቀመጡም የቤተ መንግሥቱ እስረኞች ከመሆን አላለፉም። ታላላቆቹ መኳንንት «ቢርታ» የሚባል፣ ከግብር ነጻ የሆነና በውርስ የሚተላለፍ ሰፊ መሬት ይዘው ነበር። ይህ የመሬት ይዞታ በእኛ አገር ርስተ ጉልት ይባል የነበረውን ሥሪት ያስታውሰናል። ገበሬው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ የድካሙ ፍሬ ግን በባለ ቢርታው ጎተራ ይከማቻል። ትምህርት ቤት ለጥቂቶች ብቻ የተፈቀደ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም ደግሞ እስራትና ሞት ያስከትል ነበር።

ስለሆነም የኔፓል ፓርቲዎች የተወለዱት በስደት ምድር በሕንድ ነው። የኮሚኒስት ፓርቲው በ1949 በካልካታ ተመሠረተ፤ የኔፓሊ ኮንግሬስ ፓርቲ ደግሞ በ1950 ሁለት ቡድኖች ተዋሕደው አቋቋሙት። ነገር ግን ከእነዚህ ዓመታት በፊት፣ በ1947፣ በቢራትናጋር ከተማ የጁት ቃጫ ፋብሪካ ሠራተኞች የመቱት የሥራ ማቆም አድማ የትግሉ መነሻ ተደርጎ ይታያል። ከአድማው አስተባባሪዎች መካከል ጊሪጃ ፕራሳድ ኮይራላና ማን ሞሃን አዲካሪ ይገኙበት ነበር። የመጀመሪያው በ1991 የኮንግሬስ፣ ሁለተኛው በ1994 የኮሚኒስቶቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። እነዚህ በኋላ ዘመን የተቀናቀኑት ሁለት ፓርቲዎች መሪዎቻቸውን ያገኙት ከአንድ የፋብሪካ በር ላይ መሆኑን ልብ እንበል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1951 የራናዎች አገዛዝ ወደቀ። ንጉሥ ትሪቡቫን ከስደት ተመልሰው፣ ሕዝቡ በሚመርጠው ጉባዔ የረቀቀ ሕገ መንግሥት እንደሚኖር ቃል ገቡ። ይህ ቃል እስኪፈጸም ድረስ ግን 57 ዓመት ፈጀ። ለምን ቢባል፣ አንደኛው ምክንያት ዘውዱ ሥልጣኑን ማካፈል ስላልፈለገ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ፓርቲዎቹ ስምንት ዓመት ሙሉ በካቢኔ ወንበር ሲሻኮቱ ምርጫው ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ዝም ብለው በማየታቸው ነው። በመጨረሻ በ1959 የመጣው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ጉባዔ ያረቀቀው ሳይሆን ንጉሥ ማሄንድራ በስጦታ መልክ የሰጡት ነበር። በስጦታ የተሰጠ ነገር ደግሞ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊነጥቀው ይችላል።

የሆነውም ይኸው ነው። በ1959 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ኮንግሬስ ከ109 መቀመጫዎች 74ቱን አሸንፎ ቢሽዌሽዋር ፕራሳድ ኮይራላ በሕዝብ የተመረጡ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። መንግሥታቸው የቢርታን ሥሪት የሚያስቀር ሕግ በማውጣት የመኳንንቱን ጥቅም ከሥሩ ነካ። አሥራ ስምንት ወር ገደማ እንደቆየ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1960 ንጉሡ በዚያው በሰጡት ሕገ መንግሥት ውስጥ ያስቀመጡትን የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ጠቅሰው ምክር ቤቱን በተኑ፤ ሚኒስትሮቹን አሰሩ። ጥቂት ቆይተውም ፓርቲዎችን ሁሉ አገዱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስምንት ዓመት ገደማ በእስር ማቀቁ።

ቀጥሎ የመጣው «ፓንቻያት» የሚባለው ሥርዓት ነው። ቃሉ አምስት ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን የጥንት የመንደር ሸንጎ ያመለክታል። ዘውዱ የሕዝቡን የሸንጎ ስም ተውሶ፣ ከመንደር እስከ ብሔራዊ ምክር ቤት የተዘረጋ፣ ቁልፉ ግን በቤተ መንግሥት የሚቀመጥ አገዛዝ አቆመ። ይህ ሥርዓት ሰላሳ ዓመት ቆየ። በ1980 ሕዝቡ በፓንቻያትና በብዙ ፓርቲ ሥርዓት መካከል እንዲመርጥ በተጠራ ጊዜ የመንግሥቱ መዋቅር በሙሉ ለአንደኛው ወገን ሠርቶም እንኳ ውጤቱ 55 በ45 ገደማ ብቻ ነበር። ፓርቲዎቹ በሕግ ታግደው እያለ ከመቶ 45ቱ ድምፅ ሰጪዎች ከእነርሱ ጋር መቆማቸው በሕዝቡ ልብ ውስጥ ምን ያህል ሥር ሰድደው እንደነበር ያስረዳል።

በ1990 የበጋ ወራት ኮንግሬስና ሰባት የግራ ቡድኖች ያቋቋሙት ግንባር በአንድነት ተነሡ። የኮንግሬሱ ጋነሽ ማን ሲንግና የግራ ግንባሩ መሪ ሳሃና ፕራዳን ጎን ለጎን ቆሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ትግሉ በየካቲት ተጀምሮ በሚያዝያ የፓርቲዎች እገዳ ተነሣ፤ በኅዳር ወር ንጉሡን በሕግ የሚወስን ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ሕዝቡ የደም ዋጋ ከፍሎ ፓርቲዎቹን ወደ ሥልጣን አሻገራቸው።

ከዚህ በኋላ የተፈጸመው ስሕተት ለዛሬው ርእሳችን ዋነኛው ነው። በ1991 ኮንግሬስ ከ205 መቀመጫዎች 110 አሸነፈ። አብላጫ ድምፅ ስላለው አምስት ዓመት በጽናት ሊያስተዳድር ይችል ነበር። ነገር ግን በ1994 ከራሱ እንደራሴዎች 36ቱ በድምፅ መስጫው ቀን በመቅረታቸው መንግሥቱ ወደቀ። ያፈረሰው ዘውዱ ወይም ተቃዋሚው ሳይሆን በአንድ ፓርቲ ውስጥ የነበረው የአለቆች ሽኩቻ ነው። ቀጥሎ ማን ሞሃን አዲካሪ የመሩት የኮሚኒስቶቹ መንግሥት አነስተኛ ድምፅ ይዞ ዘጠኝ ወር ብቻ ቆየ። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት ለእያንዳንዱ የመንደር ልማት ኮሚቴ 300 ሺ ሩፒ በቀጥታ እንዲሰጥ፣ ዕድሜያቸው 75 ዓመት ለሞላቸው አረጋውያንም በየወሩ 100 ሩፒ እንዲከፈል አደረገ። ገንዘቡ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአረጋውያኑ ክፍያ በኋላ የመጡት መንግሥታት ሁሉ ሊሽሩት ያልደፈሩትና እያሳደጉ የሄዱት ሥራ ሆነ። ከ1990 በኋላ በነበሩት ዓመታት ከተፈጸሙት ነገሮች ሕዝቡ በበጎ የሚያነሣው ከካትማንዱ አዳራሽ ወጥቶ በመንደሩ የደረሰውን ነው።

ዋና ከተማይቱ በሽኩቻ ስትጠመድ በምዕራብ ኔፓል ተራሮች የመሬት ጥያቄ፣ የዝቅተኛ መደቦችና የብሔረሰቦች በደል መልስ አጥቶ ነበር። በየካቲት 1996 ማኦኢስቶቹ 40 ነጥብ ያለው የጥያቄ ዝርዝር ለመንግሥት ካቀረቡ በኋላ ጠመንጃ አነሡ። ጦርነቱ አሥር ዓመት ዘልቆ ከ13 ሺ የማያንሱ ሰዎችን ፈጀ፤ ከ1,300 በላይ የሚሆኑት የደረሱበት አልታወቀም። ገበሬው ቀን ቀን ለወታደሩ፣ ማታ ማታ ለሽምቅ ተዋጊው መልስ ሲሰጥ ኖረ። ይህን ያህል ደም የፈሰሰው በምክር ቤት ሊመከርበት ይገባ የነበረው ጥያቄ ሰሚ በማጣቱና ተዋጊዎቹም የሰው ሕይወት ዋጋን ለድላቸው ማስያዣ በማድረጋቸው ነው። ሁለቱም ወገኖች ከታሪክ ፍርድ አያመልጡም።

በሰኔ 1 ቀን 2001 በናራያንሂቲ ቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሥ ቢሬንድራና ቤተሰባቸው በጥይት ተገደሉ። የመንግሥቱ መርማሪ አካል ድርጊቱን የፈጸሙት አልጋ ወራሹ ናቸው ሲል ደመደመ። የንጉሡ ወንድም ጊያኔንድራ ነገሡ። አዲሱ ንጉሥ ፍጹም ሥልጣን ለመያዝ የቋመጡ መሆናቸው የተገለጠው ወዲያው ነበር። በሩን የከፈቱላቸው ግን ፓርቲዎቹ ራሳቸው ናቸው። በግንቦት 2002 የኮንግሬሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሼር ባሃዱር ዴኡባ ከራሳቸው ፓርቲ ጋር በመጣላታቸው ምክር ቤቱን አስበተኑ። በሐምሌ ወር የየመንደሩና የየከተማው ምክር ቤቶች የሥራ ዘመን ሲያበቃ ሳይራዘም፣ አዲስ ምርጫም ሳይደረግ ቀረ። በጥቅምት ወር ንጉሡ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አባረሩ። ጣሪያውም መሠረቱም በፓርቲ እጅ ከፈረሰ በኋላ ንጉሡን የሚያግዳቸው ግድግዳ ከየት ይመጣል? በየካቲት 1 ቀን 2005 ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልለው ያዙ።

ይሁን እንጂ ሕዝብ ከስሕተት ይማራል፤ ሲገፋም መሪዎቹን ያስተምራል። በኅዳር 2005 ሰባቱ ፓርቲዎችና ማኦኢስቶቹ በዴልሂ ከተማ ባለ 12 ነጥብ ስምምነት አደረጉ። በሚያዝያ 2006 አራት ቀን ይቆያል ተብሎ የተጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ 19 ቀን ዘልቆ ንጉሡ የተበተነውን ምክር ቤት ለመመለስ ተገደዱ። በኅዳር ወር የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በ2008 በተደረገው ምርጫ፣ ከ57 ዓመት በፊት ቃል የተገባለት ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባዔ ተመሠረተ። ከ601 አባላቱ አንድ ሦስተኛው ያህል ሴቶች ነበሩ። ግንቦት 28 ቀን 2008 ጉባዔው በ560 ድምፅ በ4 ተቃውሞ የ240 ዓመቱን ዘውድ ሽሮ ሪፑብሊክ አወጀ። ንጉሡ ያለ ደም መፋሰስ ከቤተ መንግሥቱ ወጡ፤ ቤተ መንግሥቱም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ እንዴት ባማረ ነበር! ነገር ግን ፓርቲዎቹ የተባበሩት «ንጉሡ ይውረዱ» በሚለው እንጂ «ከዚያ በኋላስ?» በሚለው አልነበረም። ለሁለት ዓመት የተመረጠው ጉባዔ አራት ጊዜ ዕድሜውን አራዝሞ፣ ሕገ መንግሥት ሳይጽፍ በግንቦት 2012 ፈረሰ። ፓርቲዎቹ እርስ በርስ መተማመን በማጣታቸው ሁለተኛውን ምርጫ የሚያስፈጽመው መንግሥት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ እንዲመራ ተስማሙ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ወደ 9 ሺ የሚጠጋ ሕዝብ ከፈጀው የ2015ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ በመስከረም ወር ነው። ያን ጊዜም በደቡብ የሚኖረው የማዴስ ሕዝብ ድምፃችን አልተሰማም በማለቱ ብዙ ሰው ሞተ፤ የድንበሩ መንገድ ለወራት ተዘግቶ ነዳጅና መድኃኒት ጠፋ።

ለማኅበር አባላት በተለይ ልናሳስበው የምንወደው ነገር አለ። ከ2002 እስከ 2017 ድረስ፣ ማለትም 15 ዓመት ሙሉ፣ በኔፓል መንደሮች በሕዝብ የተመረጠ የአካባቢ ምክር ቤት አልነበረም። የልደት ምስክር ወረቀት የሚፈርመው፣ የመንደሩን መንገድ በጀት የሚያዝዘው ከላይ የተሾመ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ከዘውዱ መውደቅ ወዲህ የፓርቲዎች ተወካዮች ከጸሐፊው ጋር እየተቀመጡ በጀቱን ይከፋፈሉ ጀመር። አሠራሩ በሙስና ስለተወቀሰ በ2012 ተሻረ። በዋና ከተማው ስለ ሪፑብሊክ የሚያማምሩ ንግግሮች ሲደረጉ፣ የመንደሩ እናት ቧንቧው ለምን እንደደረቀ የምትጠይቀው የመረጠችው ሰው አልነበራትም።

በ2017 ግን ነገሩ ተለወጠ። በ753 የአካባቢ መስተዳድሮችና በ6,743 ቀበሌዎች ምርጫ ተደረገ። እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ሊቀ መንበርና አራት አባላት ሲኖሩት፣ ከአባላቱ ሁለቱ ሴቶች እንዲሆኑ፣ ከሁለቱም አንዷ «ዳሊት» ከሚባለውና ለዘመናት እንደ ርኩስ ሲቆጠር ከኖረው ወገን እንድትሆን ሕጉ ያዝዛል። በዚያ ምርጫ ከ14 ሺ በላይ ሴቶች ተመረጡ። ከጎረቤቶቿ ጋር ከአንድ ጉድጓድ ውኃ እንዳትቀዳ ትከለከል የነበረች ሴት የጉድጓዱን በጀት በሚወስነው ኮሚቴ ተቀመጠች። እንደ እኛ እምነት የኔፓል ሪፑብሊክ ከሁሉ የሚበልጠው ድል ይህ ነው።

በላይኛው እርከን የነበረው ሁኔታ ግን አልተሻሻለም። በ2018 ሁለቱ ታላላቅ የግራ ፓርቲዎች ተዋሕደው ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋ ድምፅ ያዙ። ይህን ያህል ኃይል ይዘው ሦስት ዓመት አልሞላቸውም፤ በመሪዎቹ በካድጋ ፕራሳድ ኦሊና በፑሽፓ ካማል ዳሃል የሥልጣን ተራ ክርክር ተሰነጠቁ። ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ተበትኖ ሁለቱንም ጊዜ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ወንበር በዴኡባ፣ በዳሃልና በኦሊ መካከል ሲዞር ኖረ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንዲሉ፣ ከ1990 እስከ 2025 ባሉት 35 ዓመታት አምስት ዓመት ሙሉ በወንበሩ የቆየ ጠቅላይ ሚኒስትር አልተገኘም። ወጣቱም ተስፋ ቆርጦ ወደ ባሕር ማዶ ተሰደደ፤ ስደተኛው ሠራተኛ ወደ አገሩ የሚልከው ገንዘብ ከአገሪቱ ጠቅላላ ገቢ አንድ አራተኛ ገደማ ደረሰ።

በመስከረም 2025 መንግሥት 26 የማኅበራዊ መገናኛ አውታሮችን በዘጋ ጊዜ የታመቀው ብሶት ፈነዳ። በመስከረም 8 ቀን በአንድ ቀን 19 ሰዎች ተገደሉ። በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሊ ለቀቁ፤ ምክር ቤቱና የመንግሥቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ነደዱ። በጠቅላላው ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። የቀድሞዋ ዋና ዳኛ ሱሺላ ካርኪ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ጊዜያዊ መንግሥት እንዲመሩና በመጋቢት 2026 ምርጫ እንዲደረግ ተወሰነ። አንባብያን ልብ ይበሉ፤ ፓርቲዎቹ ያጡትን አመኔታ ለማግኘት አገሪቱ ለሁለተኛ ጊዜ ዳኛ መጥራት ግድ ሆነባት።

ይህን ሁሉ አይተው «እንግዲያው ንጉሡ ይመለሱ» የሚሉ አልጠፉም። በመጋቢት 2025 በካትማንዱ በዚሁ ጥያቄ ሰልፍ ተደርጎ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። መልሳችን አጭር ነው። ዘውዱ በ1960 ዕድል ነበረው፤ ሰላሳ ዓመት ገዝቶ ያወረሰው ድህነትና ዝምታ ነው። በ2005ም ዕድል ነበረው፤ አሥራ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው ሕዝቡ ጎዳና ወጣ። ፓርቲ ሲበድል የሚታረምበት የምርጫ ሳጥን አለ፤ ንጉሥ ሲበድል የሚታረመው በደም ብቻ ነው። የፓርቲዎችን ጉድለት የምንነቅሰው እንዲስተካከሉ ነው እንጂ ለዙፋን ናፋቂዎች መከራከሪያ ለማቀበል አይደለም።

እንግዲህ ትምህርቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ለመጣል መተባበር ለመገንባት ከመተባበር ይቀልላል፤ ስለዚህ የነገው ሥርዓት ምክክር ለድል ማግሥት የሚተው ሥራ አይደለም። ሁለተኛ፣ በራሱ ቤት ሂስን የማይታገሥ፣ መሪውን በጊዜው የማይለውጥ ፓርቲ፣ ስሙ ሪፑብሊካዊ ቢሆንም አሠራሩ ቤተ መንግሥታዊ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን ይጠቀልላል፤ የፓርቲ ሥሩ በቀበሌውና በሥራ ቦታው ነው። የቢራትናጋር ሠራተኞች በ1947 በአንድ በር ላይ ሲቆሙ ኮንግሬስ ወይም ኮሚኒስት ብለው አልተለያዩም ነበር። በኋላ ዘመን የኔፓል የሠራተኛ ማኅበራት በየፓርቲው ጥላ ሥር ተከፋፈሉ። ሆኖም በጋራ ለመደራደር በተስማሙ ጊዜ በ2017 የወጣውን የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ አስገኝተዋል፤ በዚህም መሠረት ከመነሻ ደመወዙ ሠራተኛው 11፣ አሠሪው 20 በመቶ ያዋጣሉ። ሲተባበሩ ሠራተኛው የሚጨበጥ ነገር በእጁ ገባለት።

በአገራችንም ዘውድ ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታልና ጥያቄው ለእኛ ባዕድ አይደለም። ፓርቲ ሁሉ በምርጫ ሰሞን ወደ ቀበሌው ይመጣል፤ ይጨብጣል፤ ቃል ይገባል። የማኅበር አባልና ሠራተኛ ሊጠይቀው የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ «ባለፈው የገባኸው ቃል የት ደረሰ? መሪህን ማን መረጠው፣ መቼስ ይለወጣል? የዚህን ቀበሌ በጀት ስታወጣ ሒሳቡን ለማን ታቀርባለህ?» ለእነዚህ ጥያቄዎች በሰው ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጥ ፓርቲ ይታረማል፤ ያድጋል። መልስ የሌለው ግን የወደቀውን ዙፋን ቦታ የሚጠብቅ ነውና ሕዝቡ ነቅቶ ሊቆጣጠረው ይገባል። የኔፓል ሕዝብ ይህን ለመማር ሰባ ዓመትና ብዙ ሺ ልጆቹን ከፍሏል። እኛ ትምህርቱን በንባብ ማግኘታችን ዕድል ነው፤ በየስብሰባችን ሥራ ላይ ማዋሉ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።